ከጉድጓዱ ሥር ያለው ሰውዬ

በቦረና ወረዳ ታሪክ ከእኔ የበለጠ የጌም ተጫዋች አልተፈጠረም። ከአባይ በረሃ እስከ አቀስታ ብርድ ድረስ የእኔን ጣት የሚስተካከል ጣት አልነበረም። ይህን ስል የማያምኑኝ አሉ፤ የማያምኑኝ እውነቱን ስለሚያውቁ ነው። እውነቱም በዚያን ጊዜ በመካነ ሰላም ከተማ የነበረው ጌም አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እሱም እኛ ቤት ነበር። ከቤቱ ልጆች ታላቁ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ የምትወጣው እህቴ ሩቅያ ናት፤ ገና አራት ዓመቷ ነበር፣ አንዳንድ ቀን ትበልጠኝም ነበር።

አምና ለዘመድ ለቅሶ ወደዚያው ሄጄ ነበር። ሚኒባሱ ከአቀስታ ጀምሮ ኩላሊቴን ከጉበቴ ጋር ሲያማታ አድርሶኝ ከለቅሶው ቤት ደጃፍ ወረድኩ። አጥሩ ሥር ሁለት ጎረምሶች የሽንት ቤት ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ትኩስ ነው፤ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ፣ ብረት ብረት የሚል፣ ቀዝቃዛ ሽታ አለው። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሰዎች ደግፈው ወንበር ሰጡኝ። ለካ ሟቹን እንዲህ ይወደው ነበር ሲባባሉ ሰማሁ። ሟቹን በሕይወቴ ያየሁት ሁለቴ ነው፤ አንዱን ጊዜ ተጣልተን ነበር። እኔን ያንቀጠቀጠኝ አፈሩ ነው።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖ ነበር። በዚያ በጋ የሰፈራችን ምንጭ ደረቀ። ደረቀ ስል እንቁራሪቶቹ ራሳቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ከላላ ተሰደዱ። ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ጎሕ ሲቀድ ይወጡና ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ይመለሳሉ። ሽማግሌዎቹ መከሩ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ጉድጓድ ይቆፈር ተባለ። የሚቆፍሩት አያ እንድሪስ ሆኑ።

አያ እንድሪስ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። አጭር፣ ሰፊ፣ እንደ ሞሰብ የተቀመጡ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ኖረው ጆሯቸው ውስጥ የተጠራቀመው አፈር ጎመን ያበቅላል። እኔን ቁርአን ቤት የሚወስዱኝ፣ ስመለስ ቆሎ ከኪሳቸው የሚያወጡልኝ፣ አባቴ ቀበቶው ላይ እጁ ሲሄድ በመሀል የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። አያ ከሌሉ በዚያ ቤት ውስጥ የእኔ ጠበቃ የለም።

አያ ወደ ጉድጓድ ከመውረዳቸው በፊት የማይቀር ሥርዓት ነበራቸው። መጀመሪያ የበራ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል፤ ከጠፋ ሰው አይወርድም፣ የታፈነ አየር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ገመዱን ወገባቸው ላይ ያስራሉ። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ፣ ገመድ ሳቢውንም፣ አፈር ደፊውንም፣ ለወሬ የመጣውንም በየተራ ፊቱን እያዩ «አፉ በሉኝ» ይላሉ። ይቅር በሉኝ ማለታቸው ነው። ሰው ሁሉ «አፉ ብለናል» ሲል ብቻ ይወርዳሉ። የአንድ ሰው ቂም እንኳ ከላይ ከቀረ ድንጋይ ሆኖ ይከተላል ይሉ ነበር።

ሌሎች ይህን እንደ እንደምን አደራችሁ ይሰሙታል። እኔ ግን ከዚያ በፊት አፉ በሉኝ ሲባል የሰማሁት አንዴ ነው፤ የአያ ሚስት ስትሞት። አልጋዋ ላይ ሆና ለእያንዳንዳችን አፉ በሉኝ አለችን፣ ከሰዓት በኋላ ቀበርናት። ስለዚህ አያ ጠዋት ጠዋት እኔ ፊት ቆመው እንዲህ ሲሉ ሰው ነገ ሊሞት ዛሬ የሚሰናበት ይመስለኛል። በየቀኑ ተሰናብተውኝ ይወርዳሉ፣ በየቀኑ ማታ አፈር ለብሰው ይነሳሉ።

ጌሟ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ጅዳ ያለችው አክስቴ ዘሐራ በአንድ ተመላሽ እጅ ሻሽ፣ ሽቶና አንዲት መዳፍ የምታህል ግራጫ ፕላስቲክ ላከች። አባቴ ሬድዮ መሰለችው። ጆሮው ላይ ለጥፎ ዜና ጠበቀ። ጢጥ ጢጥ ስትልበት የፈረንጅ ጣቢያ ብቻ ነው የምትይዘው ብሎ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ለሩቅያ ሰጠቻት። ሩቅያ አፏ ውስጥ ከተተቻት። ከአፏ ያወጣኋት እኔ ነኝ።

ማንም አላስተማረኝም፤ ማስተማር አያስፈልጋትም። መስኮቷ ላይ ጠባብ ጉድጓድ አለ። ከላይ ቅርጽ ይወርዳል። አንዱ ቁልፍ ወደ ግራ ይወስደዋል፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ያዞረዋል። አለቀ። ሀ ሁ ያልቆጠረ ሰው ከቁርስ በፊት ይለምደዋል። ቀጥ ያለውን ዘንግ አልነው፣ ቆልመም ያለውን ማረሻ፣ ሦስት እግር ያለውን በርጩማ፣ ጠማማውን እባብ። ድርድሩ ከዳር እስከ ዳር ሲሞላ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ቦታ ይለቃል።

ክፋቷ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሌላ ሥራ ሁሉ ስትለምደው ይቀልልሃል። ይቺ ግን የለመድካት መሆኑን ስታውቅ ታፈጥናለች። ለጀማሪ እንደ አክስት ናት፣ ታባብላለች፤ ለአዋቂ እንደ እንጀራ እናት። አንድ ቅርጽ ሳታስቀምጥ ሌላው አናትህ ላይ ነው። በመጨረሻ ድንጋዩ እስከ ጉድጓዱ አፍ ይከመርና እያቃሰተች ከታች እስከ ላይ በጥቁር ጡብ ትሞላለች። ያን ማቃሰት ስሰማ ጠጉሬ ይቆም ነበር።

ጠጉሬ እንዲቆም ያደረገው ጌታነህ ነው። ጌታነህ የጎረቤታችን የመሪጌታ ልጅ፣ የእኔ እኩያና ጓደኛ ነበር። አባቱ መሪጌታ ስለሆኑ እሱ የማያውቀው ነገር የለም ብዬ አምናለሁ። እሱም እኔ ቁርአን ቤት ስለምሄድ የማላውቀው የለም ብሎ ያምናል። ሁለት መሃይም እንዲህ ተከባብረን እንኖር ነበር። አንድ ቀን የሞላው ድርድር ወዴት ነው የሚሄደው ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና ከሥር አንድ ሰውዬ አለ አለኝ። ሰውዬው ድርድሩ ሲሞላለት ተሸክሞ ያወጣዋል፤ ጎዶሎ ከሆነ አያነሳውም። ሲያቃስት የምንሰማውም እሱን ነው፤ ሲቀበር።

ከዚያ ወዲያ ስጫወት ሰውዬውን አየዋለሁ። በእርግጥ አይታይም። ግን አጭርና ሰፊ እንደሆነ አውቄ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ተደግፌ ስጫወት እባብ በእባብ ላይ ተደራረበብኝና ሞላብኝ። ጌሟ አቃስታ ሳትጨርስ ከጀርባ ከጉድጓዱ በኩል ጩኸት ተነሳ። ከጉድጓዱ ወገብ ላይ ድንጋይ ተፈንቅሎ ወርዷል። አያን ጎትተው ሲያወጧቸው አቧራ ለብሰው ፊታቸው የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ትከሻቸው ተልጦ ደሙ ከአፈሩ ጋር ተቦክቷል። ተቀመጡ፣ ጥርኝ ውሃ ጠጡ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ።

ጌታነህ ጎትቶ ከአጥሩ ጥግ ወሰደኝ።

«ሰይዶ» አለኝ በሹክሹክታ፤ «በእመብርሃን፣ አንተ ነህ የጣልክባቸው።»

እንግዲህ ጭንቀቴን ተመልከቱ። ላለመሸነፍ መጫወት አለብኝ። ጌሟ ግን የምትሸነፍ አይደለችም፤ በደንብ በተጫወትኩ ቁጥር ድንጋዩን ታፈጥነዋለች። ሰነፍ ብሆን ድንጋዩ በዝግታ ይቀብራቸዋል፣ ጎበዝ ብሆን በፍጥነት። መጨረሻ የላትም ወይ ብዬ ጌታነህን ስጠይቀው መጨረሻዋ መሙላት ነው አለኝ። ያ ልጅ አድጎ ሐኪም ያልሆነው ለበሽተኞች ታዝኖ መሆን አለበት።

አንድ ዘዴ ተገኘ። ጌሟ ባለችበት የምታቆም ቁልፍ ነበረቻት። አያ ሲወርዱ እጀምራለሁ፤ ለሶላት ወይም ለምሳ ሲወጡ ባለችበት አቆማታለሁ፤ ሲመለሱ እቀጥላለሁ። ጣቴ ላብ እያላበው፣ ዓይኔ እያፈጠጠ ዋልኩ። ቁርአን ቤት ከፊደሉ ይልቅ ዘንግና ማረሻ ይታየኝ ጀመር። እንቅልፌ ውስጥ በርጩማ ይዘንባል። የባትሪ ድንጋዮቿ ሲደክሙ መስኮቷ ይገረጣል፤ አውጥቼ ፀሐይ እንዳላስመታቸው ጌሟ ትጠፋለች፣ ሰውዬው ምን እንደሚሆን አላውቅም። ገርጥታ እንዳለች ዓይኔን ተክዬባት እቀጥላለሁ።

ከሁሉ የባሰኝ ግን ሕዝቡ ነው። ጌሟ ቀላል መሆኗ ጠላቴ ሆነ። አስቸጋሪ ብትሆን ሰው አይቷት ይሄድ ነበር። ውሃ ቀጂው፣ ገመድ ሳቢው፣ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ ያይና «ቀላል ናት እኮ፣ እስቲ አንዴ ስጠኝ» ይላል። ያችን ቃል እንደ ጅብ ድምፅ ፈራኋት። ይነጥቀኛል፣ ይስቃል፣ ለጥቂት ጊዜ ይሳካለታል፣ ይኩራራል፣ ይቀብራል። የመስጊዳችን ሼህ ይማም ራሳቸው በአንድ እጃቸው ሙስበሃ መቁጠሪያቸውን ይዘው በሌላው ሞከሯት፤ ሲሞላባቸው አስተግፊሩላህ ብለው መለሱልኝ። በሞላ ቁጥር እየሮጥኩ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍቼ፣

«አያ፣ አሉ?» እላለሁ።

ድምፃቸው ከሩቅ አገር እንደመጣ ሆኖ ይመጣል። «አለሁ፣ ልጄ። ምን ሆንክ?»

እናቴ ይህን እያየች ልጁ አጎቱን ሲወድ ትል ነበር።

አንድ ጠዋት ኩራዙ ወርዶ በደህና ወጣ። አያ ገመዱን ታጠቁ። ትከሻቸው ላይ ያለው ቁስል ገና አልደረቀም። ጉድጓዱ ጥልቅ ሆኖ ጠጠር ቢጥሉበት ድምፁን ለመስማት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ውሃ ግን የለም። ሰዉ ተስፋ ወደ መቁረጡ ነበር። አያ አፉ በሉኝ እያሉ ዙሩን ጀመሩ። እኔ ለመጀመር ጌሟን ስፈልግ ኪሴ ባዶ ነው።

ሩቅያ ከቤት ወጣች። በሁለት እጇ ይዛታለች። መስኮቷ ከታች እስከ ላይ ጥቁር ነው፣ አንዲት ቀዳዳ የላትም።

«ሞላሁት» አለችኝ፣ በኩራት። «ሁሉንም ሞላሁት።»

ለእሷ መሙላት ማለት ማሸነፍ ነበር። ቀና ስል አያ እፊቴ ቆመዋል።

«ሰይዶ፣ አፉ በለኝ።»

ከአፌ የምትወጣው ቃል ወደ ታች እንደምትልካቸው፣ እታችም ጡቡ ተከምሮ እንደሚጠብቃቸው እንደ ቀን ታየኝ።

«አልልም» አልኩ።

ገመድ ሳቢዎቹ ገመዱን ለቀቁት። እንደዚያ ያለ ዝምታ በመካነ ሰላም ገበያ ቀን ቢሆን ኖሮ ላሞቹ ይደነግጡ ነበር። አባቴ ምን አልክ ብሎ ተንደረደረ፤ ሼህ ይማም ግን በከዘራቸው አገዱትና የልጅም ሐቅ ሐቅ ነው፣ በደሉ ይሰማ አሉ። ሰዉ አያን ማየት ጀመረ። እኚህ ደግ ሽማግሌ ለዚህ ሕፃን ምን አድርገውት ይሆን የሚል ዓይን ነበር። አያ ገመዳቸውን ፈትተው መሬት ላይ ከፊቴ ቁጭ አሉ።

«ምን በደልኩህ፣ ልጄ? ትናንት ቆሎ ስላላመጣሁልህ ነው?»

አለቀስኩ። እያለቀስኩም ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰውዬውን፣ ድንጋዩን፣ የሞላብኝን ቀን፣ ትከሻቸውን። ገመድ ሳቢዎቹ መሳቅ ጀመሩ። አያ አልሳቁም። ጌሟን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋት።

«ሰውዬው የታለ?»

«ሥር ነው፤ አይታይም።»

«እውነት ነው» አሉ። «እኔም ከላይ አልታይም።»

ቢስቁ ኖሮ ፍርሃቴ ይለቀኝ ነበር። ባለመሳቃቸው አጥንቴ ውስጥ ገባ። ተነሥተው ወደ ሼህ ይማም ዞሩና፣ አፉታውን እታች ይሰጠኛል፣ አብረን እንውረድና ሰውዬውን እናየዋለን አሉ። እናቴ በአላህ ይሁንብዎ አለች። ሼህ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ የዱዓቸው ርዝመት ራሱ አስፈራኝ። ዘጠኝ ዓመት የሞላኝን ወንድ እንደ ጡት ልጅ ጀርባቸው ላይ በኩታ አስረው፣ በላዩ ገመድ ጨምረው አወረዱን።

አያ በጎን የተቆፈሩትን መርገጫዎች እየዳበሱ ይወርዳሉ። የሰዉ ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ የትንኝ ሆነ። ያ ብረት ብረት የሚለው ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። ብርዱ ከግድግዳው እየወጣ ይልሰናል። ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን የቁርአን ምዕራፍ ሁሉ ቀራሁ፤ ፋቲሓ ብቻ ስለሆነች እየደጋገምኩ። እግራቸው መሬት ሲነካ ፈቱኝ። ሁለት ሰው ደረት ለደረት ካልሆነ አይቆምበትም።

«ቀና በል» አሉኝ።

ሰማዩ የሸሚዝ ቁልፍ አክሎ ነበር። ዳሩ ላይ ጥቁር ጭንቅላቶች ተደርድረዋል፤ የትኛው አባቴ እንደሆነ አይለይም። ከዚያ አንድ ነገር ብርሃኑን ጋረደው። ባልዲውን ለቀውታል። ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ፣ እየዞረ፣ እየተለቀ መጣ። ጌሟን ከሥሯ አየኋት። ሰውዬው እኔው ነኝ። ወደ ግራ የሚወስድ ቁልፍ የለም፣ ወደ ቀኝ የሚወስድ የለም፣ ማቆሚያ የለም።

አያ መዳፋቸውን ደረቴ ላይ አድርገው ከግድግዳው ጋር አጣበቁኝ።

«ጥግ ያዝ። የሚመጣውን እያየህ ጥግ መያዝ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።»

ባልዲው ጉልበታችን ሥር ጓ ብሎ ተቀመጠ። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቁኝ።

«አያ፣ አይፈሩም?»

«እፈራለሁ እንጂ። ባልፈራ እናንተን በየማለዳው አፉ በሉኝ እያልኩ ለምን አስቸግራለሁ?»

ይህን ሲሉ የሚፈራ ሰው ድምፅ ነበራቸው፤ የለበጣ አልነበረም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ትልቅ ሰው የሚፈራ አይመስለኝም ነበር።

«በል አሁን አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አልኩ።

ዶማቸውን አንሥተው ከእግሬ ሥር ያለውን አፈር ወደ ባልዲው መዛቅ ጀመሩ። መሀል ላይ ቆም አሉ። አፈሩን በጣታቸው አሽተው እግሬን አዩ፣ እኔን አዩ። የራስ ፎጣቸውን ፈትተው ወገቤ ላይ እንደ ሽርጥ አሰሩልኝ። ከዚያ ባልዲውን ሞልተው ገመዱን ነቀነቁት፤ ባልዲው ሽቅብ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ ሼህ ይማም ከላይ «አፈሩ እርጥብ ነው» ሲሉ ሰማን። ከዚያ እልልታው ወደ ታች እንደ ጎርፍ ወረደብን። ስንወጣ ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቧል። ሴቶቹ እግሬን ይስማሉ፣ እግሩ በረካ አለው ይላሉ። አባቴ ተሸክሞኝ ዞረ። ሼህ ይማም እርጥቡን አፈር በመዳፋቸው ይዘው ሞቅ ይላል፣ ከጥልቅ የመጣ ውሃ እንዲህ ነው አሉና ግንባራቸውን አበሱበት። ጌታነህ ሮጦ አባቱን ጠራ፤ መሪጌታም መጥተው ጠበል ሳይሆን አይቀርም ብለው ትንሽ በቅል ወሰዱ። የሁለቱ ሃይማኖት አባቶች በአንድ ነገር እንደዚያ ሲስማሙ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሰዉ ብርታት አገኘ። አያ ብዙ ቀን ቆፍረው እውነተኛው ውሃ ተገኘ፤ ቀዝቃዛ፣ ጥሩ ውሃ። መጀመሪያ የታየው ለምን ጠፋ ሲባል ከዓይን ሸሽቶ ነው ተባለ። አያን ሲጠይቋቸው የአላህ ሥራ ነው ብቻ ይሉ ነበር፣ እኔን ሳያዩ። በዚያ በጋ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሁሉ በረከተኛውን ልጅ አምጡልን እያለ ወሰደኝ፤ በየጉድጓዱ አፍ ላይ በክብር ቆሜ እግሬ ተሳመ።

የመጀመሪያው ውሃ ሽንቴ ነው። ባልዲው ሲመጣ ሱሪዬ ላይ ለቅቄው ነበር።